ግራኙን ከዝርዝሩ አውጣው

ላ ሴይቢታ፣ ቬኔዝዌላ
ኤፕሪል 18 ቀን 2006

ለአጎቴ የልጅ ልጅ ለኤፍራይን፣

እግዚአብሔር ይባርክህ። የኮሮሞቶ እመቤታችን ከዚያ አገር ብርድና ከክፉ ዓይን ትሰውርህ። እኔ ደህና ነኝ፤ የስፌት መኪናውን ስረግጥ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም።

ልደውልልህ አስቤ ነበር። ግን በስልክ የተባለ ነገር ነፋስ ይወስደዋል። ደብዳቤ ሲሆን አንተም መልስ ትጽፋለህ፣ እኔም መልሱን ጎረቤት ፊት ዘርግቼ አነባለሁ። እንዲሰሙልኝ የምፈልጋቸው ሰዎች አሉ።

ነገሩን ሳላዞር ልንገርህ፤ ተቀይሜሃለሁ። ልጄ ኔልዊን ትልቁ ሊግ ከገባ ሳምንታት አለፉ። አንተ ደግሞ እዚያው ከተማ ተቀምጠህ ስለ ቤዝቦል የምትጽፍ ሰው ነህ። ጽሑፍህን የኛም የስፖርት ጋዜጣ ቅዳሜ ቅዳሜ ያትመዋል። ፀጉር አስተካካዩ ኡባልዶ ሱቁ ውስጥ ጮክ ብሎ ያነበዋል፤ አንብቦ ሲጨርስ መስኮቱን ከፍቶ ወደኔ ቤት ይጮሃል፦ «ሱኒልዴ፣ ዛሬም የለም። የገዛ ዘመድሽ እንኳ ልጅሽን አያውቀውም። የሌሎቹን ተጫዋቾች ዱላ እንዲለቅም ሳይሆን አይቀርም የቀጠሩት።»

ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ቤት ገብቼ ግን እናደዳለሁ። ይህን ልጅ ያለ አባት ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ግራ እጁን «የሰይጣን እጅ ነው» ብለው ሊያስተዉት ሲሞክሩ፣ መምህሩ ጋ ሄጄ የተጣላሁት እኔ ነኝ። ዛሬ መንደሩ በሙሉ «ግራኙ» ብሎ በኩራት የሚጠራው ኳስ በሚወረውርበት በዚያው እጁ ነው።

ስለዚህ ጻፍለት። ብዙ አልልህም፣ አንድ አንቀጽ ይበቃኛል። በጁላይ ደግሞ፣ ውድድሩ ሲጋመስ፣ የዓመቱን ምርጦችና ያልተጠበቁትን የምትዘረዝርበት ገጽ አለህ። እሱ ሲወጣ እዚህ ሰው ሥራ ይፈታል። የልጄ ስም እዚያ ላይ ቢወጣ ኡባልዶ አፉን ይይዛል፤ እኔንማ እንዴት ደስ ይለኝ መሰለህ።

አክስትህ ሱኒልዴ

ሚልዋኪ
ሜይ 6 ቀን 2006

ውድ አክስቴ ሱኒልዴ፣

ይባርኩኝ። ደብዳቤዎ ደረሰኝ፤ ቁጣዎም አብሮ ደርሷል። ደብዳቤውን ስከፍተው ልክ እንደ ልጅነቴ ጆሮዬን የያዙኝ መሰለኝ።

ያልጻፍኩት ስለማላውቀው አይደለም። ዘመዱ ነው ያደነቀው እንዳይሉት ፈርቼ ነው። መጀመሪያ ሌሎች ይዩት ብዬ ጠበቅኩ። አሁን ግን አይተውታል። ባለፈው እሑድ ያደረገውን እዚያ በቴሌቪዥን አይታችሁት እንደሆነ አላውቅም። የሊጉን ትልልቅ መቺዎች ተራ በተራ እያሳታቸው ወደ ወንበራቸው መለሳቸው። ኳሱ ቀጥ ብሎ ይመጣና መቺው ዱላውን ሲሰነዝር እንደ ድመት ከሥሩ ሾልኮ ይሄዳል። አጠገቤ የተቀመጠ ሽማግሌ ጋዜጠኛ ብዕሩን አስቀምጦ «ይህን ልጅ ከየት ነው ያወጣችሁት?» አለኝ። «ከላ ሴይቢታ፤ እናቱ ልብስ ሰፊ ናት» አልኩት።

ከጨዋታው በኋላ አገኘሁት። ከስቷል፤ አይጨነቁ፣ ሁሉም ይከሳል። አንድ ዳቦ በእጁ ይዞ፣ «አጎቴ፣ እዚህ አገር ባቄላው ስኳር አለበት፤ ምን ዓይነት ሕዝብ ነው?» አለኝ። ስቀን ልንሞት ነበር። የጁላዩን ዝርዝር ጉዳይ እሱም አንስቶታል። «ካላስገባኸኝ ለእማዬ ነው የምከስህ» አለኝ። አስቀድመው እንደከሰሱኝ አልነገርኩትም።

አንድ ነገር ግን ግራ ገብቶታል። ሲደውልልዎ ስልኩን አያነሱም አለኝ። ተበላሽቶ ይሆን? የቅዳሜውን ጋዜጣ አብሬ ልኬያለሁ። አንድ አንቀጽ ጠይቀውኝ ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። ለኡባልዶ ሁለቴ ያንብቡለት።

ኤፍራይን

ላ ሴይቢታ
ሜይ 29 ቀን 2006

ልጄ ኤፍራይን፣

እግዚአብሔር ይጠብቅህ። ጽሑፍህ ደረሰ። ለማንም አላነበብኩትም።

ስልኩ አልተበላሸም። የዛሬ ወር ገደማ መደወል ጀመረ። ሳነሳው ሰው ይተነፍሳል፤ አይናገርም። «ማነው?» ስል ይዘጋል። ሲደጋገም ገመዱን ነቀልኩት። ለኔልዊን ይህን እንዳትነግረው። ጓንቱን ጥሎ በመጀመሪያው አውሮፕላን ይመጣል፤ አውቀዋለሁ።

ከዚያ ደግሞ አንድ ሰው መጣ። የማላውቀው ሰው ነው፤ ጨዋ፣ ጥሩ ሽቶ የተቀባ፣ ከኔልዊን ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ሱሪ ይዞ መጣ፤ «እማማ፣ ይህን ያሳጥሩልኛል?» አለኝ። ለካሁት። ተንበርክኬ እግሩ ሥር መርፌ ስሰካ ከላይ ሆኖ ያወራኛል። «ግራኙ ያንቺ ልጅ ነው አሉ» አለኝ። ቀና ሳልል፣ «ስሙን ሰምቻለሁ፤ እኔ ዘመዱ ብቻ ነኝ» አልኩት። ሳቀ። «ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶግራፍ ግን አንቺን ይመስላል» አለኝ።

የሚወስድበትን ቀን ነግሬው ሄደ። በቀጠሮው አልመጣም። ሱሪው ተሰቅሏል። ከመንገዱ ማዶ ታርጋ የሌላት ነጭ መኪና ትቆማለች፤ አንዳንድ ቀን አለች፣ አንዳንድ ቀን የለችም። በሌለችበት ቀን ይበልጥ እፈራለሁ።

እዚህ የሚሆነውን አንተም ትሰማለህ። ባለፈው ዓመት በምዕራብ በኩል የአንዱን ተጫዋች ወንድም ወስደው ጫካ ውስጥ ከርሞ፣ ገንዘብ ተከፍሎለት ነው የተመለሰው። ያን ጊዜ «የሀብታም ጣጣ ነው» ብለን አልፈነው ነበር። ፖሊስ ጋ እንዳልሄድ፣ ማን ከማን ጋር ቢራ እንደሚጠጣ ትንሽ አገር ላይ ይታወቃል።

ስለዚህ የጠየቅኩህን ትቼዋለሁ። ስለ ኔልዊን አትጻፍ። ይረሳ። ይህን ደብዳቤ የቄሳችን እህት ዋና ከተማ ስትሄድ ከዚያ ትልክልኛለች፤ መልስህንም በሷ አድራሻ ላክ።

ሱኒልዴ

ሚልዋኪ
ጁን 12 ቀን 2006

ውድ አክስቴ፣

ይባርኩኝ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር መስኮት መዝጋት ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እዚህ ማን ይመጣብኛል?

ግን ቀዝቀዝ ብለን እንየው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሁሉ ወንበዴ አይደለም። ስለ ልጅዎ መጠየቅማ አገሩ በሙሉ ይጠይቃል። እኔ ዝም ብልስ ይሸሸጋል? ሰሞኑን ስሙን የማይጠራ ጋዜጣ የለም። ከሁሉም ወርዋሪዎች መካከል ጥቂት ነጥብ የተቆጠረበት እሱ ነው። በዝርዝሩ ባልተጠበቁት ክፍል አንደኛ ካላደረግኩት ዋና አዘጋጁ «ዓይንህን ተመርመር» ነው የሚለኝ።

የሚሻለው እርስዎ ከዚያ ቢወጡ ነው። ተራራው ላይ ያሉት እህትዎ ጋ ለአንድ ወር ይሂዱ። ለኔልዊንም ልንገረው፤ ሳያውቅ መቅረቱ ልክ አይመስለኝም። ትናንት «እማዬ ታማ ነው የምትደብቁኝ» አለኝ። «ስልኩን ዝናብ አበላሽቶት ነው» ብዬ ዋሸሁት። አላመነኝም፤ ዓይኔን ሲያየኝ የሚቀጥለውን ኳስ ሊወረውርብኝ ያሰበ ነው የሚመስለው።

እርስዎ ካላሉኝ ግን አልነግረውም። ይጻፉልኝ።

ኤፍራይን

ላ ሴይቢታ
ጁን 24 ቀን 2006

ኤፍራይን፣

እግዚአብሔር ይባርክህ፤ ልብም ይስጥህ።

እህቴ ጋ ልሄድ ሻንጣ ይዤ አውቶቡስ ማቆሚያ ሄድኩ። ነጯ መኪና ከአውቶቡሱ ኋላ መጥታ ቆመች። ሻንጣዬን ይዤ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ከሚሆን ጎረቤት ባለበት ይሁን ብዬ።

በማግስቱ ሰውዬው መጣ። ሱሪውን አመጣሁለት። አልተቀበለኝም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከኪሱ ጋዜጣ አወጣ፤ ያንተ ጽሑፍ ነው፣ የሜይው። «ዘመድሽ ሲጽፍ ደስ ይላል» አለኝ።

ሱሪውን ማጠፍ ጀመርኩ።

«ልጅሽ ግን ገና ዘንድሮ የገባ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ብዙ አለ፤ ሁለት ወር ያበራና ክንዱ ይዝላል፣ ወደ ታችኛው ሊግ ይመልሱታል፣ ከዚያ ዕዳ ነው። እኛ በሚወድቅ ሰው አንደክምም። ይቆያል አይቆይም የሚለውን የሚያውቀው ያንቺ ዘመድ ነው። ተሳስቶ አያውቅም። አባቴም በሱ ዝርዝር ነበር የሚወራረደው» አለኝ።

«ምን ትፈልጋለህ?» አልኩት።

«ምንም። ሱሪው እዚህ ይቆይ። ዝርዝሩ ሲወጣ መጥቼ እወስደዋለሁ።» ይህን ብሎ ራሴን እንደ ልጅ ዳሰሰኝና ወጣ።

ገባህ ኤፍራይን? የሚጠብቁት አንተን ነው። መሄጃ የለኝም፤ ስለዚህ የምለምንህ ይህን ነው። ግራኙን ከዝርዝሩ አውጣው። ማውጣትም ብቻ አይበቃም። ክፉ ጻፍበት። ክንዱ ታሟል በል፤ አያዛልቅም በል። እናቱ ነኝ፣ ፈቅጄልሃለሁ። እርግማኑ በኔ ይሁን።

ለኔልዊን አትንገረው። ካወቀ ይመጣል፤ ከመጣ ደግሞ እኔን ትተው እሱን ነው የሚወስዱት።

ሱኒልዴ

ሚልዋኪ
ጁላይ 9 ቀን 2006

ውድ አክስቴ፣

ይባርኩኝ። ያሉኝን አድርጌያለሁ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዝርዝሩን ለማተሚያ ቤት ልሰጥ ስል ነው። ኔልዊን ባልተጠበቁት አንደኛ ነበር። አወጣሁት። «የጠበቅናቸውና ያልሆኑት» በሚለው ክፍል አስገብቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ግራ ክርኑ ላይ ጥርጣሬ አለ፣ የኳሱ ፍጥነት እየቀነሰ ነው፣ ውድድሩ ሳያልቅ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። በሕይወቴ ሐሰት ጽፌ አላውቅም ነበር። ቃላቱ ቀላል ሆነው መምጣታቸው ነው ያስደነገጠኝ።

ጋዜጣው በወጣ ቀን ስልኩ ሲጮህ ዋለ። የቡድኑ ሐኪም «ከየት አመጣኸው?» አለኝ። አንባቢዎች ቀናተኛ አሉኝ። ኔልዊን ቤቴ ድረስ መጣ። አልተቀመጠም። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋልኝ።

«ንካው» አለኝ።

«ኔልዊን፣ ተው...»

«ንካው እንጂ። የቱ ጋ ነው የታመመው? አሳየኝ። እኔ አላገኘሁትም።»

ነካሁት። ምን ላድርግ። የፈረስ ጡንቻ ነው አክስቴ፣ ምንም የለበትም።

«ባዕድ ቢጽፈው እስቅ ነበር» አለኝ። «ለእማዬ ምን ብዬ ነው የምነግራት? እንደምታነበውስ ታውቃለህ?» ከዚያ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ሄደ። ደረጃው ላይ ስሙን ስጠራው ዞሮ አላየኝም።

ይሁን። ልጁ ቢጠላኝም እናቱ ትኑርለት።

በሱ ቦታ ዳሪዮ ቤታንኩርን አስገባሁ፤ ያ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበለውን። የሎስ ማንጎስ ልጅ ነው፣ የኛው አገር ሰው። አንባቢዎቼ ከኛ አንድ ሰው አንደኛ ላይ ማየት ለምደዋል። ልጁም ይገባዋል፤ ከኔልዊን ቀጥሎ የዘንድሮ ድንቅ እሱ ነው። ቢያንስ በዚያ አልዋሸሁም።

ሰውዬው ሱሪውን ወሰደ? ቶሎ ይጻፉልኝ።

ኤፍራይን

ላ ሴይቢታ
ጁላይ 20 ቀን 2006

ኤፍራይን፣

ሰውዬው መጣ። ሱሪውን ለካው፣ ልክ ሆነለት፣ የስፌቱን ከፈለኝ። በሩ ላይ ሲደርስ «ልጅሽ ክርኑን ያስታመው» ብሎኝ ሄደ። ነጯ መኪና ከዚያ ቀን ወዲህ አልታየችም። እልል ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ዳሪዮን ለምን አስገባህ? ያንተን ደብዳቤ ገና አላገኘሁም፤ ዝርዝሩን ያየሁት ኡባልዶ ሱቅ ነው። ሎስ ማንጎስ ከዚህ በእግር የሚደረስ አገር ነው። እናቱን ኤርሜሊንዳን አውቃታለሁ። የልጆቻችንን የመጀመሪያ ማልያ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ቁልፉን የተከለችው እሷ ናት። አንድ ላይ ተቀምጠን።

ሰው ልኬላታለሁ። ከቤት ውጪ፣ እህትሽ ጋ ሂጂ በላት ብዬ። የላክሁት ሰው እስካሁን አልተመለሰም። ጸልይ።

ሱኒልዴ

ሚልዋኪ
ጁላይ 30 ቀን 2006

አክስቴ፣

ደብዳቤዎ ሳይደርሰኝ በፊት ሰማሁ። እዚህ በዜና ተነግሯል። ኤርሜሊንዳን ከገበያ ስትመለስ እንደወሰዷት፣ ቅርጫቷ መንገድ ላይ ተገልብጦ እንደተገኘ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሌላ አገር ሰው ላስገባ እችል ነበር። የሸመገለ፣ እናቱ የሞተችበት ሰው ላስገባ እችል ነበር። አላሰብኩትም አክስቴ። እርስዎን ከዚያ ቦታ ሳወጣ ሌላ ሰው እያስገባሁ መሆኔን አላሰብኩትም።

ለኔልዊን ነገርኩት። ከእንግዲህ መደበቅ አልቻልኩም፤ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎችዎን ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ አጣጥፎ መለሰልኝ። «እንሂድ» አለኝ። የዳሪዮ ቡድን እዚህ ለመጫወት መጥቶ ነበርና ሆቴሉ ሄድን። የሆነውን በሙሉ ኔልዊን ራሱ ነገረው፣ አንድ ነገር ሳያስቀር። ይመታናል ብዬ ነበር። ዳሪዮ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነው የሰማን።

«ነገ እጫወታለሁ» አለን በመጨረሻ።

«ማን አስገድዶህ?» አለው ኔልዊን።

«ካልተጫወትኩ ዋጋ የለውም ይላሉ። ዋጋ ከሌለኝ እናቴን ምን ብለው ያቆዩአታል?»

ተጫወተ። ኳሶቹን ሁሉ ያዘ፣ ሁለት ጊዜ ከሜዳው አጥር በላይ መታ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። እኔ ጋዜጠኞች የሚቀመጡበት ሆኜ ማየት አቅቶኝ ወጣሁ።

ለዋና አዘጋጁ ከእንግዲህ ዝርዝር እንደማልሠራ ነግሬዋለሁ። «ታዲያ ምን ትጽፋለህ?» አለኝ።

ኤፍራይን

ሴፕቴምበር 14 ቀን 2006

ልጄ ኤፍራይን፣

እግዚአብሔር ይባርክህ። ዝም ያልኩህ ተቀይሜ አይደለም፤ የኤርሜሊንዳን ወሬ ስጠብቅ ነው።

ኤርሜሊንዳ ተመልሳለች። በሕይወት አለች። ከስድስት ሳምንት በኋላ ምሽት ላይ ዋናው መንገድ ዳር ጥለዋት ሄዱ፤ የሙዝ ጫኝ መኪና ነው አንስቶ ያመጣት። ዳሪዮ ያለውን ሁሉ፣ ያልነበረውንም ተበድሮ ሰጥቷል ይላሉ። እኔ አልጠየቅኩም።

እንደሰማሁ ሄድኩ። ሴቶች ሞልተዋል፣ ሾርባ ይዘው። አላወቅኳትም። ፀጉሯን ቆርጠውታል። ድምፅ ስትሰማ ሁሉ ወደ በሩ ታያለች፤ ድስት ቢከደን ትደነግጣለች። ሴቶቹ እስኪወጡ ጠበቅኩና ነገርኳት። ያንተን ነገር፣ የክርኑን ነገር፣ እኔ እንዳስጻፍኩት፣ ሰው ልኬላት እንደነበር፣ የላክሁት ሰው ፈርቶ ከመንገድ እንደተመለሰ። ሰምታኝ ስታበቃ እጇን ከእጄ ውስጥ አላወጣችም፤ ግን አልጨበጠችኝም።

«ለልጅሽ ነው ያደረግሽው» አለችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። እኔም አልለመንኳትም።

ልነሳ ስል «ቆዪ» አለችኝ። «አንዱ ሁልጊዜ ምግብ የሚያመጣልኝ ነበር። ጨዋ ነው፣ እማማ ነው የሚለኝ። ሊለቁኝ ሰሞን ስለ ኔልዊን ጠየቀኝ።»

«ምን ብሎ?»

«ክርኑ ዳነ ወይ? ብሎ።»

ቤቴ ተመልሼ መብራት አላበራሁም። የስፌት መኪናዬን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በማለዳ የወተት መኪና ላይ ጭኜ ወጣሁ። ለኡባልዶ እንኳ አልነገርኩትም። አሁን ያለሁበትን አገር አልጽፍልህም፤ ኔልዊንም አያውቀውም። ደብዳቤህን እንደ ወትሮው በቄሱ እህት አድራሻ ላክ፤ ሲደርስ ይደርሰኛል። እዚህ ባል የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ነኝ። ሰው እንዲያ ነው የሚያውቀኝ። የትምህርት ቤት ልብስ እሰፋለሁ።

ለኔልዊን እንዲህ በልልኝ፤ ክንዱን ይጠብቅ፣ ጨዋታውን አያቁም፣ እንዳይመጣ። አንተንም እንዳይጠላህ። የጠየቅኩህ እኔ ነኝ።

ትናንት የጎረቤቴ ልጆች ሬዲዮ ከፍተው ኔልዊን እንዳሸነፈ ተነገረ። አስተዋዋቂው ስሙን እየደጋገመ ይጮሃል። ልጆቹ ግቢው ውስጥ ይዘላሉ። አንደኛዋ ወደኔ ሮጣ መጥታ «እማማ፣ ግራኙን ያውቁታል?» አለችኝ።

«አላውቀውም» አልኳት። «ቤዝቦል አልከታተልም።»

ሱኒልዴ